በእንቅልፍ ልብ የወጣ እጅ

«እኔ እኮ ሌሊት አልተኛም» እያለ የሚኩራራ ሰው ሳይ ደሜ ይፈላል። ድሮም ይፈላ ነበር፤ አሁን ብሶበታል። የእህቴ ልጅ አልጋው ላይ ተጋድሞ ስልኩን ሲጎረጉር ያድርና ጠዋት ዓይኑ በርበሬ መስሎ ይነሳል። «ምነው?» ስለው «ሥራ በዝቶብኝ ነው አክስቴ» ይለኛል። የምን ሥራ! ስልክ ላይ ማፍጠጥ ሥራ ከሆነ እኔም ጡረታዬ ይስተካከልልኝ። እንቅልፍ ማጣትን እንደ ማዕረግ ትከሻው ላይ የሚሰካ ሰው አልወድም። ምክንያት አለኝ፤ ምክንያቴ ግን ረዘም ስለሚል ተቀመጡና ስሙኝ።

ነገሩ የሆነው በደርግ ዘመን፣ ወደ ማብቂያው ላይ ነው። ያኔ ገና ወጣት ነበርኩ። መካኒሳ አንድ ግቢ ውስጥ፣ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ከቀበሌ ተከራይተን እንኖራለን። እኔ ቤቴ ተቀምጬ በስፌት መኪናዬ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። ባሌ አሰግድ የአንድ መንግሥት ፋብሪካ ንብረት ክፍል ጸሐፊ ነው። አንዲት ሴት ልጅ አለችን። በአንድ ግድግዳ የምንዋሰናቸው ጎረቤቶቻችን ዘሃራ፣ ባሏ ነስሩና ልጆቻቸው ናቸው። ነስሩ ከግቢው በር አጠገብ ትንሽ ሱቅ ነበረችው፤ ክብሪት፣ ሻማ፣ ሳሙናና ባትሪ ድንጋይ ይሸጣል። የባትሪ ድንጋዩ ዋና ደንበኛ የኔ ባል ነበር።

አሰግድ ሬዲዮ ነበረው። ከሰው ሁሉ ቀድሞ ወሬ ማወቅ እንደ ሱስ ይዞታል። እራት በልተን መብራት ሲጠፋ ሬዲዮዋን ታቅፎ ጋቢው ውስጥ ይገባል፤ አንቴናዋ ብቻ ከጋቢው ውጭ ብቅ ትላለች። መጀመሪያ የውጭ አገር ጣቢያዎችን ያዳርሳል። ከዚያ መንግሥት «ወንበዴ» የሚላቸውን ሰዎች ጣቢያ ፍለጋ ይገባል። ያንን ሲሰማ የተገኘ ሰው መዘዙ ብዙ ስለነበር ድምፁን ጨርሶ ቀንሶ ጆሮውን ይለጥፍበታል። እኔ ጎኑ ተኝቼ የምሰማው ሽሽሽ የሚል ነገር ብቻ ነው። እሱ ግን ያንን ሽሽታ ሲሰማ ያድራል።

ስለ ጦርነቱ የማያውቀው አልነበረም። የትኛው ከተማ እንደተያዘ፣ የትኛው ጦር እንደተበተነ ጠዋት ጠዋት በሹክሹክታ ይነግረኛል። አንድ ቀን «ልጅህ ስንተኛ ክፍል ናት?» ብዬ ጠየቅኩት። «ሦስተኛ... አይደለችም እንዴ?» አለኝ። ሁለተኛ ነበረች። ያገሩን ጦር ሁሉ በስም የሚያውቅ ሰው፣ የልጁን ክፍል አያውቅም!

ጠዋት ሲነሳ የተቀቀለ ጎመን ነው የሚመስለው። ራሱን ያመዋል፣ ሆዱን ያቃጥለዋል፣ ልጅቷ ማንኪያ ከጣለች ይጮህባታል። ሻይ ላይ ጨው ጨምሮ እኔን ይቆጣል። እንቅልፉን የሚያካክሰው ቢሮ ውስጥ፣ አውቶቡስ ላይና ስብሰባ ላይ ነበር። በተለይ ስብሰባ ላይ መተኛትን ሙያ አድርጎት ነበር ማለት እችላለሁ። ክርኑን ጉልበቱ ላይ፣ አገጩን መዳፉ ላይ አስደግፎ፣ ዓይኑን ገርበብ አድርጎ ይተኛል። ከሩቅ ላየው በጥሞና የሚያዳምጥ ጓድ ነው። ሰው ሲያጨበጭብ ያጨበጭባል፣ «ይውደም!» ሲባል ግራ እጁን ያነሳል፣ «እጅ አውጡ» ሲባል ያወጣል። ይህን ሁሉ ሳይነቃ ነው የሚያደርገው። እሱ ብቻም አልነበረም። ያኔ ግማሹ አዳራሽ እንዲህ ነበር፤ ለዚህ ነው ሁሉም ነገር በሙሉ ድምፅ የሚጸድቀው።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ደግሞ ስብሰባ የሚያስረዝም ሰው ነበር። ስሙን ልተወው። «አብዮት አይተኛም! እኔም አልተኛም!» እያለ ደረቱን ይመታል። አብዮቱ ባይተኛ የራሱ ጉዳይ፤ እሱ ግን ትንሽ ቢተኛ ኖሮ ስንቱ ሰው በዳነ። ዓይኑ ሁልጊዜ ያበጠ ነው፤ የተናገረውን ረስቶ መልሶ ይናገረዋል። አንዱን ዓረፍተ ነገር ሳይጨርስ ሌላውን ይጀምራል። የሰፈሩ ሰው ይህን ብርታት ነው ይለው ነበር። እኔ ግን ሁለት እንቅልፍ ያጡ ወንዶች አውቅ ነበርና፣ አንዱን ቤቴ አንዱን መድረክ ላይ፣ የብርታት ምልክት ከሁለቱም አላየሁም።

አንድ እሁድ ጠዋት በድምፅ ማጉያ ተጠራን። ከስብሰባ የቀረ ሰው ከኅብረት ሱቅ ስኳር ስለማያገኝ የሚቀር የለም። ሴቶች በአንድ ወገን፣ ወንዶች በሌላ ወገን ተቀመጥን። አሰግድ መሃል አካባቢ፣ ነስሩ ደግሞ ከኋላው ነበሩ። ሊቀመንበሩ ከዓለም አቀፉ ሁኔታ ጀመረ። ከዚያ ወደ አህጉራችን መጣ፣ ከአህጉራችን ወደ አገራችን። የቀበሌያችን ቆሻሻ ገንዳ ጋ እስኪደርስ ሆዳችን ጀርባችን ላይ ተጣበቀ። አሰግድን ገልመጥ አድርጌ ሳየው ክርኑ ጉልበቱ ላይ፣ አገጩ መዳፉ ላይ ናቸው። «ጀመረ» አልኩ በሆዴ።

በመጨረሻ ነገሩ ወደ ጦር ግንባር ዞረ። የእናት አገር ጥሪ፣ የቀበሌው ግዴታ፣ የአቋም መግለጫ። «መግለጫውን የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ!» አለ። አዳራሹ በሙሉ እጅ ሆነ። የአሰግድም እጅ ወጣ። «የሚቃወም? ድምፀ ተዓቅቦ? በሙሉ ድምፅ ጸድቋል!» ተጨበጨበ። አሰግድም አጨበጨበና አገጩን ወደ መዳፉ መለሰ።

ሊቀመንበሩ ውኃ ጠጣ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ መጥፎ ነገር እንደሚመጣ ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ የነቃነው ማለቴ ነው።

«እንግዲህ ጓዶች» አለ፤ «ከመካከላችን፣ በገዛ ፈቃዱ፣ ረቡዕ ጠዋት ወደ ግንባር የሚዘምት ጀግና እጁን ያውጣ።»

ወንዶች እጃቸውን ከጭናቸው ሥር ሸጎጡ። አንድ ሰው ጫማውን ማሰር ጀመረ። እኔም እንደ ሌላው ሴት መሬት መሬት እያየሁ ነበር። ከጎኔ የተቀመጠችው ዘሃራ በክርኗ ጎሰመችኝ። «ወርቄ፣ ወርቄ፣ ባልሽ!» አለችኝ።

ቀና ስል ከወንዶቹ ወገን አንድ እጅ ቀስ እያለ ይወጣል። መጀመሪያ ጣቶቹ፣ ከዚያ መዳፉ፣ ከዚያ የሸሚዙ እጅጌ፤ እኔ የሰፋሁት ሸሚዝ። ዓይኑ ገርበብ እንዳለ ነው። በወንዶቹ መሃል ሮጬ እጁን ማውረድ አልችልም። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል እጁ ለብቻዋ ቆመች።

«ጓድ አሰግድ!» አለ ሊቀመንበሩ እየጮኸ። «ይሄ ነው ወንድ!» ጭብጨባው አዳራሹን አናጋው። አሰግድ በጭብጨባው ነቃ፤ እሱም ማጨብጨብ ጀመረ። ለማን እንደሚጨበጨብ ለማየት ዞር ዞር አለ። ሰው ሁሉ እሱን እንደሚያይ ሲገባው ፈገግ አለ። ያቺን ፈገግታ እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳትም።

ሊቀመንበሩ አንዴ መንገዱ ተከፈተለት። ጣቱን ወደ ኋላ ቀሰረ። «ጓድ ነስሩ! ጎረቤትህ ለአገሩ ሊሞት ሲነሳ አንተ ሱቅህን ልትጠብቅ ነው? ሱቋን እንኳ ቀበሌው ይጠብቅልሃል!» የሱቁ ፈቃድ በማን እጅ እንዳለ ነስሩ ያውቃል። አሰግድን አየው፣ ዘሃራን አየ፣ እጁን አወጣ። ከሱ በኋላ ሌሎችም አወጡ። ዘሃራ የኔን እጅ ይዛ ነበር፤ ያኔ ለቀቀችኝ።

ከአዳራሹ ስንወጣ ሰው ሁሉ የአሰግድን ትከሻ ይመታል። «አንበሳ!» ይሉታል። ከዚያ በፊት አንበሳ ብሎት የሚያውቅ ሰው የለም። ጀርባው ቀና፣ አረማመዱ ሰፋ አለ። ቤት እንደገባን በሩን ዘጋሁና ፊቱ ቆምኩ።

«አሰግድ፣ ተኝተህ ነበር።»

«ማን ተኛ?»

«አንተ! ምን ተብሎ እጅህን እንዳወጣህ እንኳ አታውቅም።»

«አስቤበት ነው።»

«መቼ አሰብክ? በሕልምህ?»

«አንቺ ሴት!» አለኝ፤ ድምፁ የሊቀመንበሩን መሰለ። «አገር ስትጠራ ወንድ ልጅ ቤቱ አይቀመጥም።»

ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት ይህ ነው። በሬ ሳሩን አይቶ ገደሉን ሳያይ ይገባል ይባላል፤ የኔ በሬ ግን ገደሉን በየሌሊቱ በሬዲዮ ይሰማው ነበር። ስንት ሰው እንደሚያልቅ ከማንም በላይ የሚያውቅ እሱ ነው። ያን ምሽትም ያቺን ሬዲዮ ታቅፎ ጋቢው ውስጥ ገባና ሊሄድበት ስላለው ግንባር ሲያዳምጥ አደረ። ንቀቴ ከፍርሃቴ በለጠ፤ ጀርባዬን ሰጠሁት።

ሰኞ ሊቀመንበሩ ቢሮ ሄድኩ። ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ አገኘሁት፤ ቀና ሲል ጉንጩ ላይ የወረቀት ጠርዝ ምልክት ታትሟል።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ባሌ እጁን ያወጣው በስህተት ነው።»

«የምን ስህተት?»

«ተኝቶ ነበር።»

«እኔ ስናገር?»

እሱ በረጅሙ አዛጋና ዓይኑን በመዳፉ አሸ።

«ስሚ እህት ወርቅነሽ» አለኝ፤ «ባልሽ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ጀግና ነው፣ ወይ በአብዮታዊ ስብሰባ ላይ የተኛ አድሃሪ ነው። ጀግናውን ረቡዕ መኪና ይወስደዋል። አድሃሪውን ደግሞ ሌሊት ሳይተኛ ምን ሲያደርግ እንደሚያድር የሚጠይቁት ሰዎች አሉ። የትኛው ነው ልበል?»

ሬዲዮዋ አልጋችን ላይ በጋቢ ተጠቅልላ እንዳለች አሰብኩ። «ጀግናው» አልኩና ወጣሁ። እዚያ በር ላይ ቆሜ ያን ሰው በሙሉ ልቤ ናቅኩት። ፍርሃቴ ግን አልቀነሰም፤ የናቁት ሰው እንደልቡ ሲያዝዝ የበለጠ ያማል።

አሰግድ ለምሳ ከሥራ ሲመጣ ምግቡን አቀረብኩ። ተስፋ የማልቆርጥ ሴት ነኝና እንደገና ልከራከረው አፌን ስከፍት፣ ጉርሻው እጁ ላይ እንዳለ ተኝቷል። ወጡ በጣቶቹ መሃል ይንጠባጠባል። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ከማን ጋር ነው የምከራከረው? ይህ ሰው ካልተኛ ብዙ ዓመቱ ነው። እጁን ያወጣው እንቅልፍ ነው፣ የሚፎክረውም እንቅልፍ ነው። ባሌን ለማግኘት መጀመሪያ ማስተኛት አለብኝ።

ሌላ ዘዴ ስለማላውቅ ልጄን የማስተኛበትን ሥርዓት ያዝኩ። ገና ሳይመሽ ቀለል ያለ እራት አበላሁት። እግሩን በሙቅ ውኃ አጠብኩት። መስኮቱን በዩኒፎርም ጨርቅ ጋረድኩ። ከሬዲዮዋ ውስጥ ባትሪ ድንጋዮቹን አውጥቼ ስፌት መኪናዬ መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩ።

«ሬዲዮዬስ?»

«ባትሪው አልቋል።»

«ነስሩ ጋ ብቅ ብዬ...»

«የምን ነስሩ! ነስሩ በሰላም እንኳ ይደር!»

ተገላበጠ፣ ተነጫነጨ፣ «ዛሬ ትልቅ ወሬ አለ» አለ፤ እጁ ትራሱ ሥር ገብቶ የሌለችውን ሬዲዮ ዳበሰ። መብራቱን አጠፋሁ። ልጅቷን «ቀስ በይ፣ አባትሽ ሊተኛ ነው» አልኳት። ከሷ ቀድሞ ተኛ። ከዚያ ማንኮራፋት ጀመረ። ባሌ እንደሚያንኮራፋ ያወቅኩት በዚያ ምሽት ነው፤ ለካ አብረን በኖርንበት ዘመን ሁሉ አንድም ቀን ጠልቆ ተኝቶ አያውቅም።

ማክሰኞ ለዘማቾች የስንብት እረፍት ስለተሰጣቸው አልቀሰቀስኩትም። እኩለ ቀን ላይ ነቃ። አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ ቤቱን እንደ እንግዳ ዞር ዞር ብሎ አየው። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትገባ ጠራትና ደብተሯን ገለጠ። «ሁለተኛ ክፍል» የሚለውን በጣቱ ተከትሎ አነበበ። ከዚያ የፊቱ ቀለም እየተለወጠ መጣ።

«ወርቄ» አለኝ፤ «ረቡዕ ነገ ነው?»

«ነገ ነው።»

«እኔ እኮ... ተኝቼ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ለምን እጄን አወጣሁ? ልጄንስ ለማን ትቼ ነው?» አለና እንደ ሕፃን አለቀሰ። እኔም አብሬው አለቀስኩ፤ እያለቀስኩም ግን ደስ አለኝ። ትናንት ከአንድ ፎካሪ ጋር ነበር ቤቴ የዋልኩት፤ ዛሬ የሚፈራ ባል አገኘሁ።

ትንሽ ቆይቶ «ነስሩስ?» አለ። ነስሩ እጁን ያወጣው በሱ ምክንያት እንደሆነ ስነግረው ተነስቶ ወጣ። ሲመለስ ፊቱ ከሰል መስሏል። ነስሩን ይቅርታ ሲጠይቀው፣ «አንተ ተኝተህ ነው ያወጣኸው፤ መናገር ትችላለህ። እኔ ነቅቼ ነው። ምን ልበል?» አለው።

ረቡዕ ጠዋት ዘማቾቹን በከበሮ አጅበን ጎፋ አጠገብ ወዳለ ሜዳ ወሰድናቸው። እልል በሉ ተብለን እልል አልን፤ እልልታ በትእዛዝ ምን እንደሚመስል ያልሰማ ሰው ታድሏል። ካኪ ሸራ የለበሱ የጭነት መኪናዎች ቆመዋል። ከግንባር የመጣ አንድ ሻምበል፣ ቀጭን፣ ጫማው አቧራ የጠጣ ሰው፣ ተሰላፊዎቹን አንድ በአንድ እየጠራ ይጠይቃል። ለወጉ ያህል የሚጠየቅ ነገር ነው።

«በፈቃድህ ነው?»

«አዎ፣ ጓድ ሻምበል!»

ቀጣዩም «አዎ» ይላል። ከዚያ የሚቀጥለውም። ሊቀመንበራችን ከሻምበሉ ጎን ቆሞ በየስሙ ራሱን ይነቀንቃል። እኔና አሰግድ ምን እንደሚል አልተነጋገርንም። ብንነጋገር አንድ ሐሳብ ላይ አንደርስም ነበር፤ «አዎ» ካለ ግንባር ነው፣ «አይ» ካለ ምርመራ ነው። ዘሃራ ትንሹን ልጇን አዝላ ከጎኔ ቆማለች።

«አሰግድ!» ተብሎ ተጠራ። ወደፊት ወጣ።

«በፈቃድህ ነው?»

አሰግድ ዞሮ ልጁን አየ። ሊቀመንበሩ «ጓድ አሰግድማ የመጀመሪያው...» ብሎ ሊያወራ ሲል ሻምበሉ በእጁ ከለከለው።

«ጠየቅኩህ።»

«ተኝቼ ነበር፣ ጓድ ሻምበል።»

«ምን አልክ?»

«ሲጠየቅ አልሰማሁም። ተኝቼ ነበር። እጄን ያወጣሁት ሰው ሁሉ የሚያወጣ መስሎኝ ነው።»

ከተሰላፊዎቹ መሃል አንዱ ሳቀ፤ ከዚያ ሌላው። ሊቀመንበሩ ቀላ። «ይሄ አድሃሪ ነው! ሰላይ ነው! ሌሊት ሌሊት ምን እያደረገ እንደሚያድር ይጠየቅ!» አለ።

ሻምበሉ አሰግድን ከእግር እስከ ራሱ አየው። «ሌሊት ምን ትሠራለህ?» አለው።

አሰግድ አፉን ከፈተ። እውነት መናገር አንዴ የጀመረ ሰው የት እንደሚያቆም አይታወቅም። እኔ ከእልልተኞቹ መሃል ወጥቼ «ልጃችን አላስተኛ ብላን ነው ጌታዬ! ሕመምተኛ ናት!» ብዬ ጮህኩ። ልጄ ከጎኔ ጉንጯ ወዝቶ፣ ጤናዋ ሞልቶ ቆማለች። ሻምበሉ እኔን አየ፣ ልጄን አየ፣ ወደ ሊቀመንበሩ ዞረ።

«ስብሰባው ስንት ሰዓት ፈጀ?»

«አምስት ሰዓት ያህል!» አለ ሊቀመንበሩ ኮራ ብሎ።

ሻምበሉ ያሳየውን የንቀት ፊት በቃል መግለጽ አልችልም። ሕይወቴን ሙሉ ሰው ስንቅ ኖሬአለሁ፤ እንደዚያ ግን ችዬበት አላውቅም።

«እኔ የምፈልገው ዘብ የሚቆምልኝ ሰው ነው» አለ። «አንድ ዘብ ተኝቶ ያስጨረሳቸውን ልጆች በእጄ ቀብሬ ነው የመጣሁት። የናንተ ስብሰባ ያስተኛውን ሰው እኔ በምን ላነቃው ነው? ውሰድልኝ ከፊቴ።»

ቀጣዩ ስም ነስሩ ነበር። «በፈቃድህ ነው?» ነስሩ ሊቀመንበሩን አየ፣ ዘሃራንና ያዘለችውን ልጅ አየ። «አዎ፣ ጓድ ሻምበል» አለ። መኪናው ላይ ከመውጣቱ በፊት ወደ አሰግድ መጣ። እጁን ጨበጠና «ቤቴን አደራ። ነቅተህ ጠብቅልኝ» አለው። ስድብ ይሁን ልመና ዛሬም አላውቅም።

ሊቀመንበሩ በዚያ ውርደት ዝም አላለም። ምርመራ ቢጠይቅ የስብሰባው ርዝመት ይነሳል፤ ስለዚህ የራሱን ቅጣት ፈለሰፈ፤ አሰግድ ማንኛውንም ስብሰባ ቆሞ እንዲሰበሰብ ተወሰነበት። በሙሉ ድምፅ። መንግሥቱ እስኪወድቅ ድረስ ባሌ በአዳራሹ ግድግዳ ሥር ቆሞ ተሰበሰበ። የተቀመጡት ሲያንቀላፉ እሱ ቆሞ የሚባለውን ሁሉ ሰማ። ሰምቶም እጁን የሚያወጣበትንና የማያወጣበትን ለየ።

ከዚያ ወዲህ ቤቴ ሌላ ቤት ሆነ። ሬዲዮዋ ወጥ ቤት ወረደች። ወሬ ያማረው ሰው ሳህን እያጠበ ይሰማል፤ ሳህኑ ሲያልቅ ወሬውም ያልቃል። ደም የሚያፈላ ነገር፣ የቀበሌም ይሁን የዘመድ፣ ከእራት በኋላ አይነሳም። እግር ይታጠባል፣ መብራት ሁልጊዜ በተወሰነ ሰዓት ይጠፋል፣ አልጋ ላይ ከእንቅልፍና ከባልና ሚስት ጉዳይ በቀር ሌላ ሥራ አይሠራም። ይህን ያህል ቀላል ነው። አሰግድ በጥቂት ሳምንት ውስጥ የራስ ምታቱ ለቀቀው፣ ሆዱ ዳነ፣ ልጁን መቆጣት ተወ፤ ማታ ማታ ማንበብ ያስጠናት ጀመር። ከማን ጋር እንደተጋባሁ ያወቅኩት ያኔ ነው። ደህና ሰው ነበር ለካ።

እንግዲህ እናንተ «ተኝቶ ተረፈ» ትሉ ይሆናል። እንዲህ የምትሉ ከሆነ ምንም አልሰማችሁኝም። እንቅልፉማ ገደል አፋፍ ነበር ያደረሰው፤ ያላግባብ የተኛው እንቅልፍ። ከዚያ የመለሰው አልጋው ላይ፣ በጨለማ፣ በሥርዓት የተኛው እንቅልፍ ነው። ያልተኛ ሰው ፈሪ መሆኑን እንኳ አያውቅም። ስለዚህ «አልተኛም» እያላችሁ አትኩሩብኝ። እናንተ የማትነቁበት ሰዓት ላይ ሌላ ሰው እጃችሁን ያወጣላችኋል፤ ከኋላችሁ ደግሞ እናንተን አይቶ የሚያወጣ አለ።

ነስሩ አልተመለሰም። መንግሥት ተለወጠ፣ የተበተኑት ወታደሮች እየተንጠባጠቡ ገቡ፤ የኛ ግቢ በር ላይ የመጣ የለም። የመጣ ደብዳቤም፣ ያየሁት የሚል ሰውም የለም። አሰግድ በነስሩ ሱቅ ዘሃራን እያገዘ፣ ዕቃ እያወረደ፣ የቻለውን አደረገ። አፍ አውጥታ አንድ የወቀሳ ቃል ተናግራው አታውቅም። እኔ ግን በየሌሊቱ እሳቀቅ ነበር። ግድግዳችን ጭቃ ነው፣ አሰግድ ደግሞ ሲያንኮራፋ ጣራ ያነሳል። የሷ ባል ባዶ ቦታ ከግድግዳው ወዲያ፣ የኔ ባል ማንኮራፋት ከወዲህ። ድምፁ በወጣ ቁጥር ጎኑን እየጎሸምኩ አገላብጠዋለሁ፤ ትንሽ ዝም ይልና እንደገና ይጀምራል።

አንድ ቀን ልብስ ስናሰጣ ዘሃራ መቆንጠጫውን ከአፏ አወጣችና ሳታየኝ ተናገረች።

«ወርቄ፣ ለምንድነው ሌሊት ባልሽን የምታገላብጪው?»

መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። «እንዳይረብሽሽ ብዬ ነው እኮ፤ ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኳት።

«ተይው» አለችኝ። የልጇን ሸሚዝ ገመዱ ላይ ዘረጋች፣ እጅጌውን አቃናች። «ልጆቹ አባታቸው ያለ ይመስላቸዋል። እኔንም እንቅልፍ የሚወስደኝ በሱ ነው።»

ከዚያ ሌሊት ጀምሮ አላገላበጥኩትም።